የመረብ ዓይን ቢሰፋ የጣና ነጭ ዓሣ ይተርፋል?

ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ሲገባ በባህር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች የዓሣ ፈላጊው ቁጥር ይጨምራል። ከጣና ሐይቅ የወጣው ዓሣ በበረዶ ታሽጎ የጎጃምን ደጋ በማቋረጥ በደብረ ማርቆስና በደጀን በኩል ወደ መሀል አገር ይጓዛል። በዚሁ ወር ከሰከላ የሚነሣው ግልገል አባይን ጨምሮ ወደ ጣና የሚገቡ ወንዞች በክረምቱ ዝናብ ሞልተው ይፈሳሉ። በሐይቁ ውስጥ ተበታትነው የከረሙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎችም ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞቹ መግቢያ ይሰበሰባሉ። ገበያው በሚሟሟቅበት ሳምንት ዓሣውም በአንድ ቦታ ተጨናንቆ ይገኛል ማለት ነው።

ይህ የጾምና የዝናብ መገጣጠም በጣና ላይ ስለመረብ የሚነሣውን ጥያቄ ከሌላው ዓለም የተለየ መልክ ሰጥቶታል። በሌሎች አገሮች መረብን አሻሽሎ መፈተሽ ሲባል ዓላማው አስጋሪው የማይፈልገውን ፍጡር ከመረቡ ማስወጣት ነው። በጣና ግን አስጋሪው የማይፈልገው ዓሣ የለም ለማለት ያስደፍራል። መያዝ ያልነበረበት ዓሣ ገበያ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸጠው ትልቁ ዓሣ ሊሆን ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ግምገማ መሠረት፣ በዓለም የባህር ዓሣ ሀብት ዘርፍ በየዓመቱ 9 ነጥብ 1 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ምርት ተይዞ ወደ ባህር ይመለሳል። ይህም ከጠቅላላው ምርት 10 ነጥብ 8 በመቶ ገደማ ነው። የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ነው። የሚመለስበት ምክንያትም መጠኑ አነስተኛ መሆኑ፣ ዝርያው ገበያ የሌለው መሆኑ ወይም በሕግ የተከለከለ መሆኑ ነው። ለዚህ ችግር የተገኙት መፍትሔዎች የመረብ ቅርጽን መለወጥን የሚጠይቁ ናቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ደንብ የሽሪምፕ አስጋሪ መርከቦች በሚጎትቱት ከረጢት መሰል መረብ ውስጥ የባህር ኤሊ የሚወጣበት ፍርግርግና መውጫ በር እንዲኖር አስገድዳለች። ኖርዌይም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ትልልቅ ዓሣዎች ከሽሪምፑ ተለይተው እንዲያመልጡ የሚያደርግ የብረት ፍርግርግ በሥራ ላይ አውላለች። በፔሩ የባህር ዳርቻ በቆመ መረብ ላይ አረንጓዴ መብራት በማሰር በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ በታተመ ሙከራ ደግሞ፣ በመረብ የሚጠመዱ አረንጓዴ የባህር ኤሊዎች ቁጥር በ64 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

በጣና የሚሠራበት መረብ በመርከብ የሚጎተት አይደለም። ከላይ በተንሳፋፊ ቡሽ፣ ከታች በክብደት ተወጥሮ በውሃው ውስጥ እንደ ግድግዳ የሚቆም ነው። ለገበያ የሚያሰግሩት የሞተር ጀልባዎች የሚጠቀሙበት መረብ በአብዛኛው 100 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን፣ የዓይኑ ስፋት ተወጥሮ ሲለካ ከ10 እስከ 14 ሳንቲሜትር ይደርሳል። አስጋሪው ማታ ዘርግቶት ይሄዳል፤ ጠዋት መጥቶ ያወጣዋል። ዓሣው በጨለማ ሲዋኝ ክሩን ሳያይ ራሱን ያስገባል። አካሉ ሰፋ ባለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ወደፊት ማለፍ ያቅተዋል። ወደኋላ ልመለስ ሲል ደግሞ ክሩ ከመተንፈሻው ክዳን ሥር ይገባና ያንቀዋል።

እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ አለ። ተወጥሮ ሲለካ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ዓይን ዙሪያው 20 ሳንቲሜትር ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ በተጠቀሙበት ግምት መሠረት መረቡ በተሻለ ሁኔታ የሚይዘው፣ የወገቡ ዙሪያ ከዓይኑ ዙሪያ በሩብ ያህል የሚበልጠውን ዓሣ ነው። በመሆኑም የ10 ሳንቲሜትር መረብ የወገብ ዙሪያው ወደ 25 ሳንቲሜትር የሆነውን፣ የ14 ሳንቲሜትር መረብ ደግሞ ወደ 35 ሳንቲሜትር የሆነውን ዓሣ ይመርጣል። ከዚህ በጣም የሚያንሰው በዓይኑ ሾልኮ ያልፋል። በጣም የሚበልጠው ደግሞ ጭንቅላቱን እንኳ ማስገባት ስለማይችል ገፍቶት ይመለሳል።

ይህ ባሕርይ የቆመውን መረብ ከሚጎተተው ይለየዋል። የሚጎተት መረብ ከተወሰነ መጠን በላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ የሚያስቀር ሲሆን፣ የቆመ መረብ ግን በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ትቶ መካከለኛውን ይወስዳል። ስለዚህ በቆመ መረብ የዓይን ስፋትን መጨመር ማለት ትንንሾቹን ማስመለጥ ብቻ አይደለም። ጥቃቱን ከአንዱ የዕድሜ ክልል ወደ ሌላው ማዛወርም ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ሁለተኛው ገጽታ ነው።

የዓሣው ቅርጽም የራሱ ድርሻ አለው። በአካባቢው ቆረሶ የሚባለው ዓሣ ከጎን ሲታይ ሰፊ አካል ያለው በመሆኑ ገና አጭር ሳለ በ10 ሳንቲሜትር ዓይን ይያዛል። ነጭ ዓሣ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ በዚያው ዓይን የሚያዘው ረዝሞና አድጎ ነው። አምባዛ ደግሞ በሒሳቡ ብዙም አይገዛም፤ በጎንና ጎኑ ባለው እሾህ ክሩን ይዞ ይጠላለፋል። መረቡ ላላ ተደርጎ ከተሰቀለ ይህ መጠላለፍ ይበዛል። በመሆኑም ሁለት መረቦች የዓይናቸው ስፋት እኩል ሆኖ በአሰቃቀላቸው መላላትና መወጠር ብቻ የተለያየ ዓሣ ሊያወጡ ይችላሉ። ማሻሻያ የሚፈተሽ ከሆነ የዓይኑን ቁጥር ብቻ ጽፎ ማለፍ የማያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

የፍተሻው አካሄድ ለማንም ሊገባ የሚችል ነው። በጣና ተመራማሪዎች የተጠቀሙት 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 14 ሳንቲሜትር ዓይን ያላቸውን መረቦች በአንድ ሌሊትና በአንድ አካባቢ መዘርጋትን ነው። ጠዋት ከእያንዳንዱ መረብ የወጣው ዓሣ በዝርያው ይለያል፤ ርዝመቱና ክብደቱ ይለካል፤ ሆዱ ተከፍቶም ዕንቁላል ወይም የወንዴ ዘር በየትኛው የብስለት ደረጃ ላይ እንደሚገኝ ይመዘገባል። መረቦቹ በአንድነት የሚዘረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በሐይቁ ውስጥ ከየመጠኑ ስንት ዓሣ እንዳለ አስቀድሞ ማንም አያውቅም። የ14 ሳንቲሜትሩ መረብ ባዶውን ቢወጣ ትልቅ ዓሣ አልቆ ይሁን መረቡ አልይዝ ብሎ የሚታወቀው፣ ሌሎቹ መረቦች በዚያው ሌሊት ከያዙት ጋር በማነጻጸር ነው።

ጣና ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የተለየ ስፍራ ነው። 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከባህር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውና 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታች ያለው የአባይ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ አግዷል። በዚህ ተነጥሎ በኖረ ውሃ ውስጥ ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ በሚሉት ወገን የሚመደቡ 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከነዚህም 8ቱ ሌሎች ዓሣዎችን የሚመገቡ ናቸው። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ሌኦ ናጌልኬርክ በ1990ዎቹ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ ቀደም ሲል የአንድ ዝርያ ልዩ ልዩ መልክ ተደርጎ ይታይ የነበረው ዓሣ በእርግጥ የተለያዩ ዝርያዎች መሆኑን አሳይተዋል። ከዚህ ጋር ይነጻጸር የነበረው በፊሊፒንስ የላናው ሐይቅ የዝርያዎች ስብስብ በመጥፋቱ፣ የጣናው በዚህ የዓሣ ቤተሰብ በዓለም ላይ የቀረ ብቸኛው ትልቅ ስብስብ ሆኗል።

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ በጣና ማስገር የወይጦ ማኅበረሰብና የሌሎች የዳርቻው ነዋሪዎች ሥራ ነበር። ከደንገል በተሠራ ታንኳ፣ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ የሚሠራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በግብርና ሚኒስቴር፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በሆላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ትብብር በተጀመረው የጣና ሐይቅ ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ፕሮግራሙ ለብዙዎች እንጀራ ከፍቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ታንኳ የማይደርስበት የወንዝ መግቢያም ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚቻልበት ሆነ።

ዶክተር ተስፋዬ ውድነህ እ.ኤ.አ. በ1998 በሆላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የባህር ዳር ሰርጥን ዓሣዎች ሥነ ሕይወትና አጠባበቅ መርምረዋል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ማርቲን ደ ግራፍ ዓሣ በል በሆኑት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ላይ፣ ዶክተር እሸቴ ደጀን ደግሞ በትንንሾቹ የባርበስ ዝርያዎች ሥነ ሕይወትና የማስገር አቅም ላይ ጥናታቸውን አቅርበዋል። ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ያወጡት ውጤት አሳሳቢ ነበር። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓሥር ዓመታት የነጭ ዓሣ ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ የሞተር ጀልባ በአንድ ጉዞ 63 ኪሎ ግራም ገደማ ነጭ ዓሣ ያወጣ የነበረ ሲሆን፣ በ2001 ይህ ወደ 28 ኪሎ ግራም ወርዷል። ቆረሶና አምባዛ በአንጻሩ ተመሳሳይ ውድቀት አላጋጠማቸውም።

ለምን ነጭ ዓሣ ብቻ? መረቡ አንድ ነው፤ ጀልባውም አንድ ነው። መልሱ ያለው በመራቢያው ላይ ነው። ቆረሶ የሚራባው በሐይቁ ዳርቻ ባለው ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲሆን፣ ዕንቁላሉንና ጫጩቱን በአፉ ይዞ ይጠብቃል። መራቢያው ሰፊ በሆነው ዳርቻ ሁሉ የተበታተነ ነው። ወደ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግን ንጹሕና ፈጣን ውሃ፣ ጠጠር ያለበት የወንዝ ወለል ይሻሉ። በመሆኑም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ባሉ ወንዞች መግቢያ ይከማቻሉ። የአንድ ትልቅ ሐይቅ ወላጅ ዓሣ በጥቂት ጠባብ በሮች ለማለፍ ይሰለፋል። በሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያወጣው፣ በሌላ ወር ሐይቁን ሙሉ ቢዞር የማያገኘውን ነው።

አሁን ወደ መረቡ ሒሳብ እንመለስ። በወንዙ መግቢያ የሚያዘው ዓሣ ያልደረሰ ጫጩት አይደለም። ለመራባት የደረሰ፣ ከ10 እስከ 14 ሳንቲሜትር ላለው ዓይን የሚመጥን ትልቅ ዓሣ ነው። ከዚህም በላይ በነጭ ዓሣ ዝርያዎች ሴቶቹ ከወንዶቹ ይገዝፋሉ፤ ዕንቁላል የቋጠረ ሆድም ወገባቸውን ይበልጥ ያሰፋዋል። ስለዚህ የመረቡ ዓይን በሰፋ ቁጥር ወንዶቹና ወጣቶቹ እየሾለኩ፣ ብዙ ዕንቁላል የያዙት ትልልቅ እናቶች እየተመረጡ ይቀራሉ። ለቆረሶ ጥበቃ የሆነው እርምጃ ለነጭ ዓሣ እናቶቹን የሚለቅም ወንፊት ሊሆን ይችላል። የመረብ ዓይን ማስፋት በማንኛውም ቦታና ወቅት ይጠቅማል ብሎ መደምደም ስሕተት የሚሆነውም በዚህ የተነሣ ነው።

ዓይኑን ማጥበብስ? ጠባብ ዓይን እናቶቹን ገፍቶ ይመልስ ይሆናል፤ ያልደረሱትን ግን ይፈጃል። ቆረሶንም ሳይራባ ያወጣዋል። ትንንሾቹን የባርበስ ዝርያዎች ለምርት ማዋል ይቻላል የሚለው ሐሳብም ተመሳሳይ ችግር አለበት። እነዚህ ዓሣዎች ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ እንደ ሌሎች የአፍሪካ ሐይቆች ትንንሽ ዓሣዎች ተደርቀው ርካሽ ምግብ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚይዛቸው ጥቅጥቅ ያለ መረብ ግን የትልልቆቹን ነጭ ዓሣዎች ጫጩት አብሮ እንዳያግበሰብስ የት፣ በምን ጥልቀትና በስንት ሰዓት መዘርጋት እንዳለበት መፈተሽ ይኖርበታል። ትንንሾቹ የ8ቱ ዓሣ በል ዝርያዎች ቀለብ መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባም።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲነሣ የተመረጠው መንገድ ሁለት ወሰን ማበጀት ነበር። የናይል ፐርች ዓሣ ከ50 ሳንቲሜትር በታች ሲሆን ልጅ ነው፤ ከ85 ሳንቲሜትር በላይ ሲሆን ደግሞ ዋነኛ ወላጅ ነው በሚል፣ ለፋብሪካ የሚቀርበው በመካከል ያለው ብቻ እንዲሆን ተደንግጓል። ሐሳቡ ለጣና የሚጠቅም ትምህርት አለው። ይሁንና በጣና ያለው አንድ ዝርያ ሳይሆን መጠናቸው የሚለያይ 15 ዝርያዎች በመሆናቸው ለሁሉ የሚስማማ አንድ ልክ ማበጀት አስቸጋሪ ነው። ከመረብ የወጣ ዓሣ በአብዛኛው ታንቆ የሞተ ስለሆነ በመጠኑ የተነሣ ወደ ውሃው መመለሱም ብዙ አይረባም።

በዚህ የተነሣ ተመራማሪዎቹ በዋናነት ያቀረቡት ምክር ስለ መረቡ ሳይሆን ስለ ቦታውና ስለ ወቅቱ ነው፤ በመራቢያ ወራት በወንዞቹ መግቢያ አካባቢ ማስገር እንዲቆም። ሕጉም አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ በኋላ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅና ደንብ አውጥቷል። አስቸጋሪው አፈጻጸሙ ነው። ሐይቁ ሰፊ፣ ተቆጣጣሪው ጥቂት፣ ወቅቱም ክረምት ነው። በወንዞቹ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ የማደንዘዝ የቆየ ልማድ አለ። የማንኛውም መረብ ዓይን ቢሰፋ ቢጠብ ይህን አይነካውም።

አስጋሪው የሚያነሣው ቅሬታም ሚዛን የሚደፋ ነው። መረብ ዋጋው ውድ፣ ዕድሜውም አጭር ነው። የዓይኑ ልክ ተለወጠ ሲባል ያለውን ጥሎ አዲስ መግዛት ይኖርበታል፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራትም ያነሰ ይዞ መመለስን መቀበል አለበት። የእሱ ጎረቤት ካልለወጠ ያስመለጠውን ዓሣ የሚያገኘው ጎረቤቱ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በነጠላ የፕላስቲክ ክር የተሠራ፣ በውሃ ውስጥ የማይታይ ርካሽ መረብ በሐይቁ ተስፋፍቷል። ይህ መረብ ቀጭን በመሆኑ ብዙ ይይዛል፤ ቶሎም ይበጣጠሳል። ተበጣጥሶ የቀረው ክር አይበሰብስም፤ ሰው ሳይጠብቀው ዓሣ መያዙን ሊቀጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መኖሩ የታወቀው እምቦጭም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የማስገሪያ ቦታዎችን ሸፍኖ አስጋሪውን ወደ ቀሩት ቦታዎች ገፍቶታል።

ከሐይቁ ውጪ ያለው ሁኔታም ከመረቡ ጉዳይ አይለይም። በጎጃም መራዊ አጠገብ በግልገል አባይ ገባር ላይ የተሠራው የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር መሬት ለማልማት የታቀደ ሲሆን፣ ለአርሶ አደሩ ያስገኘው ጥቅም በግልጽ የሚታይ ነው። የግድብ ግንብ ግን ለሚወጣ ዓሣ የተዘጋ በር ነው። ከወንዞች ወለል የሚጫነው አሸዋና ጠጠርም ዕንቁላል የሚያርፍበት አልጋ ነው። ዓሣው በተሻሻለ መረብ አልፎ፣ በተዘጋ ወቅት ተጠብቆ ወንዙ ውስጥ ቢገባ እንኳ የሚደርስበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

በባህር ዳር የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልና የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሐይቁ ላይ ምርምር የሚያካሂዱ ተቋማት ናቸው። ለጣና የሚስማማ የመረብ ፍተሻ ቢታሰብ መፈተሽ ያለበት ከዓይኑ ስፋት ሌላ ብዙ ነው። መረቡ በዳርቻ ቄጠማ አጠገብ ሲዘረጋ ቆረሶን ለይቶ ይይዝ እንደሆነ፣ ተወጥሮ ሲሰቀል ከወንዝ የሚመለሱት ይጠላለፉበት እንደሆነ፣ አምባዛ በመንጠቆ ቢያዝ ለአስጋሪው ያዋጣው እንደሆነ ሁሉ መታየት ይኖርበታል። ፍተሻው የሚካሄድበትም ጊዜ ውሃው ጸጥ ባለበት በጥር ወር ብቻ ሊሆን አይችልም። ዓሣው በጉማራና በግልገል አባይ አፍ በሚገኝበት፣ ነጋዴውም በባህር ዳር ወደብ ቆሞ በሚጠብቅበት በነሐሴ ጭምር መሆን አለበት።